«ሲስተም የለም» ሲባል ማንን እንጠይቅ?



የእድራችን ጸሐፊ ደውለው «ስለ ዲጂታል ገንዘብ ንገረን» ሲሉኝ፣ «ሰዉ ምን ማወቅ ይፈልጋል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ጥያቄዎቻችሁን በወረቀት ሰብስበው አመጡልኝ። ገሚሱ ስለ ቢትኮይን ነው፤ «ብንገዛ ያዋጣናል ወይ?» ይላል። ሌላው ገሚስ «የላክሁት ብር አልደረሰም፣ ማን ይመልስልኛል?» የሚል ነው። አንደኛው የወጣቶች፣ ሁለተኛው የእናቶች ጥያቄ ይመስላል። እኔ ግን እንደ አንድ ጥያቄ ነው ያየኋቸው። ገንዘብ ወረቀት ይሁን በስልክ ውስጥ ያለ ቁጥር፣ ስለሱ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት አንድ ነገር ነው፦ የተበላሸ ዕለት ተጠያቂው ማን ነው? ዛሬ የምናገረው ሁሉ እዚህ ላይ ይዞራል፤ ብደጋግመው አትታዘቡኝ።

መጀመሪያ በየቀኑ ስለምንጠቀምበት የስልክ ገንዘብ እናገራለሁ። ቀጥዬ ቢትኮይንን አነሳለሁ። በመጨረሻ ስለ ስልኩ ስለራሱ አንዳንድ ነገር ብዬ እድራችን ምን ቢያደርግ እንደሚሻል ሐሳቤን እሰጣለሁ።

ከዚያ በፊት ግን ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። አፄ ምኒልክ የራሳቸው ምስል ያለበትን ብር ፓሪስ ያስመቱት በ1887 ዓ.ም. ነው። ያዘዙት ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው፤ የተመታውም ከእውነተኛ ብር ነው። ገበያው ግን ቶሎ እጁን አልዘረጋለትም። ባላገሩም ነጋዴውም የለመደው ማርትሬዛን፣ የኦስትሪያዋን ንግሥት ጠገራ ነበር። በጠገራው ላይ የተጻፈው ዓመት 1780 ነው፤ ንግሥቲቱ የሞቱበት ዓመት። ከዚያ በኋላ የተመታውም ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ነው የወጣው። የኛ ነጋዴ ጠገራ ሲቀበል አገላብጦ ያይ ነበር፤ በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉት ነጠብጣቦች ካልታዩት «ይህን አልወስድም፣ ሌላ አምጣ» ይላል። የሞተች የባዕድ አገር ንግሥት በሕይወት ካለው ከገዛ ንጉሡ ይልቅ ታመነች ማለት ነው። ጠገራው ለብዙ አሥርት ዓመታት ከገበያ አልወጣም። ሰዉ አዲስ ነገር ስለጠላ አይመስለኝም፤ በእጁ ዳብሶ፣ በዓይኑ አይቶ ማረጋገጥ የሚችለውን ነው የመረጠው።

ዛሬ ነጠብጣብ አንቆጥርም። «ገባ?» እንላለን። «ቆይ፣ መልእክቱ ይምጣ» እንላለን።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጉዳይ ልግባ።

ቴሌብር ሥራ የጀመረው ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። ጎረቤታችን ኬንያ ኤምፔሳን የጀመረችው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2007 ስለሆነ፣ እኛ ከ10 ዓመት በላይ ዘግይተናል። ኤምፔሳ ራሱ ወደ እኛ የመጣው በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ነው። ዘግይተን ብንጀምርም ፈጥነናል፤ ዛሬ የቴሌብር ደንበኛ ከ50 ሚሊዮን በላይ ነው። በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ነዳጅ በጥሬ ገንዘብ መቅዳት ቀረ፤ የታክሲ ሾፌሩ ወደደም ጠላም በስልክ መክፈልን ተማረ። ስማርት ስልክ የሌለው ሰው እንኳ በቁልፍ ስልኩ ኮከብ 127 መሰላል ብሎ ይልካል፣ ይቀበላል።

ጥቅሙን አላሳንስም። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ለእናቱ ብር በፖስታ አሽጎ፣ በአውቶቡስ ሾፌር እጅ ወደ አገር ቤት የላከ ሰው ሞልቷል። ሾፌሩ ታማኝ ከሆነ ደረሰ፤ ካልሆነ «መንገድ ላይ ተዘረፍን» ተባለ። መስከረም 2013 የብር ኖቱ ሲቀየር በፍራሽና በሣጥን ያስቀመጡትን ይዘው ባንክ በር ላይ የተሰለፉትንም ታስታውሳላችሁ። ስልኩ ከዚህ ሁሉ ገላግሎናል።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። አንዲት እናት ልንገራችሁ። መታጠፊያው ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም ትሸጣለች፤ ስሟን አልጠራም። ስልክ ቁጥሯን በካርቶን ላይ በማርከር አስጽፋ ከዣንጥላዋ እንጨት ጋር አስራዋለች። አንድ ጎልማሳ መጣ፣ አስመዘነ፣ ስልኩን ነካ ነካ አደረገና «ልኬያለሁ፣ ይኸው» ብሎ ስክሪኑን አሳያት። አረንጓዴ ምልክት አለ፣ ስሟ አለ፣ 300 ብር ይላል። የሷ ስልክ በፌስታል ተጠቅልሎ መቀነቷ ውስጥ ነው። አወጣችው፤ ምንም አልመጣም። «ኔትወርክ ነው እናቴ፣ አሁን ይመጣልሻል» አላት። ሽንኩርቱን አንጠልጥሎ ሄደ። ማታ ልጇ ከትምህርት ቤት መጥቶ ሲያይላት የገባ ብር የለም። ያሳያት ተቀነባብሮ የተሠራ ምስል ነበር።

ይህ በየሰፈሩ አለ። እናቶች ሆይ፣ አደራ! የሌላ ሰው ስክሪን ደረሰኝ አይደለም። ደረሰኝ ማለት የራሳችሁ ስልክ የሚነግራችሁ ነው። መልእክቱ ከመጣ በኋላም ቀሪ ሒሳባችሁን እዩ፤ የባንክ መልእክት አስመስሎ ከግል ቁጥር የሚልክም አለና። «ከቴሌ ነው የምደውለው፣ ዕጣ ደርሶዎታል፣ አሁን የመጣልዎትን ቁጥር ያንብቡልኝ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ዝጉት። ጨዋነት አያስፈልገውም፤ ጆሮው ላይ ዝጉት።

ነገር ግን ጥፋቱን ሁሉ በሽንኩርት ሻጯ ላይ አልጭንም። ከባንክ የሚመጣው መልእክት ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው። ፊደል ለቆጠረው እንኳ ያስቸግራል፤ ላልቆጠረው ሰው ገንዘቡ በማያውቀው ቋንቋ ነው የሚቆጠርለት። ቅሬታ ለማቅረብ ስትደውሉ ሙዚቃ ታዳምጣላችሁ። ቅርንጫፍ ስትሄዱ መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ከኮምፒውተሯ ቀና ብላ «ሲስተም የለም» ትላለች። መቼ ይመጣል? አታውቅም። ማንን ልጠይቅ? እሱንም አታውቅም። ልጅቷን አልወቅሳትም፤ ሲስተሙን የሠሩት ሰዎች ለዚህች ጥያቄ መልስ ሳያዘጋጁ በሩን መክፈታቸው ግን ያስወቅሳል።

ሲስተም ሲበላሽ ምን እንደሚሆን አገር ያየው አንድ ሌሊት አለ። መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም በማሻሻያ ሥራ ላይ ሳለ ተሳሳተ፤ ሰዎች ከሌላቸው ገንዘብ ላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ተሠራጨ፤ ተማሪው ከኤቲኤም ፊት ተሰልፎ አደረ። በነጋታው ባንኩ አገልግሎቱን አቋረጠ፤ የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን ተናገረ፤ ገንዘቡን የሚመልስ እንደማይከሰስ፣ የማይመልስ ግን እንደሚጠየቅ አስታወቀ። ያልመለሱትን ስምና ፎቶግራፍ በየቅርንጫፉ ለጠፈ። አብዛኛው ገንዘብ ተመለሰ። ማን እንደወሰደ፣ መቼ እንደወሰደ፣ ምን ያህል እንደወሰደ መዝገብ ስለነበረ፣ ከመዝገቡ ጀርባም «እኔ ነኝ ባለቤቱ» የሚል ባንክ ስለነበረ ተመለሰ። ይህን ያዙልኝ፤ ቢትኮይን ላይ ስንደርስ ያስፈልገናል።

እዚህ ላይ አንድ ወጣት እጁን አውጥቶ «ገንዘቤን ሊመልስልኝ የሚችል አካል ሊዘጋብኝም ይችላል» ቢለኝ አልከራከረውም። ልክ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ትግራይ ውስጥ ባንክና ስልክ ተዘግቶ፣ ሰው የራሱን የዕድሜ ልክ ቁጠባ ማውጣት ሳይችል ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቷል። የጡረተኛ ደመወዝ፣ የነጋዴ ካፒታል፣ የተማሪ የኪስ ገንዘብ፣ ሁሉም መዝገብ ላይ አለ፤ በእጅ ግን የለም። ተጠያቂ መኖሩ ብቻውን አይበቃም፤ ተጠያቂውን የሚጠይቅ ሕግም ያስፈልጋል። የቢትኮይን ደጋፊዎች የሚያቀርቡት ትልቁ መከራከሪያም ይኸው ነው፤ ስለዚህ ወደ እነሱ ልሂድ።

ሁለተኛው ጉዳይ ቢትኮይን ነው።

ራሱን ሳቶሺ ናካሞቶ ብሎ የጠራ፣ እስከ ዛሬ ማንነቱ በእርግጠኝነት ያልታወቀ ሰው ወይም ቡድን በ2008 ሐሳቡን ጽፎ አወጣ፤ በጥር 2009 ሥራ ጀመረ። እነዚህ ዓመቶች በአውሮፓውያን ናቸው፤ በዚህ ክፍል የምጠራቸውም አብዛኞቹ እንደዚያው ናቸው። አሠራሩን በአጭሩ ልንገራችሁ። የእድራችን መዝገብ በጸሐፊው እጅ አንድ ብቻ ነው። የቢትኮይን መዝገብ ግን አንድ ዓይነት ሆኖ በዓለም ዙሪያ በብዙ ሺህ ኮምፒውተሮች ላይ ተገልብጧል፤ ማንም ብቻውን ሊፍቀው አይችልም። በየ10 ደቂቃው ገደማ አዲስ ገጽ ይጨመራል። ገጹን የመጨመር መብት ለማግኘት ኮምፒውተሮች በግምት ቁጥር ፍለጋ ይሽቀዳደማሉ፤ ያሸነፈው አዲስ ቢትኮይን ይሸለማል። ጠቅላላው ከ21 ሚሊዮን አይበልጥም፤ እንደ ብር ኖት በፈለጉት ጊዜ አይታተምም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ከ60 በታች የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር ሲሻገር ያየ ወጣት፣ የማይታተም ገንዘብ ቢያምረው አይፈረድበትም።

ሐሳቡ የብልህ ሐሳብ ነው። እንደ ገንዘብ ግን አልተሳካም ባይ ነኝ። በግንቦት 2010 ፍሎሪዳ ውስጥ አንድ ሰው በ10,000 ቢትኮይን ሁለት ፒዛ ገዛ። ዛሬ ይህን ታሪክ የሚያወራ ሁሉ «ምን ዓይነት ሞኝ ነው!» ይላል። እኔ ግን ቢትኮይንን እንደ ገንዘብ የተጠቀመበት እሱ ነው እላለሁ፤ ራበው፣ ከፈለ፣ በላ። ከዚያ ወዲህ ያለው ሕዝብ ይወጣል ብሎ ያስቀምጠዋል፤ ሲወርድበት ተደናግጦ ይሸጠዋል። በኅዳር 2021 አንዱ ወደ 69,000 ዶላር ደረሰ። በዓመቱ 16,000 ገደማ ሆነ። በታኅሣሥ 2024 ከ100,000 አለፈ። የእድራችን ገንዘብ በመጀመሪያው ኅዳር ተገዝቶበት ቢሆን፣ በሁለተኛው ኅዳር ለቀብር ስንፈልገው ሩቡም አይገኝም ነበር። «በኋላ ወጣ አይደል?» ትሉኛላችሁ። ወጥቷል። ድንኳን የሚከራይ ሰው ግን ዋጋው እስኪወጣ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም።

ኤል ሳልቫዶር የምትባል የመካከለኛው አሜሪካ አገር በመስከረም 2021 ቢትኮይንን ሕጋዊ መገበያያ አደረገች። መንግሥት መተግበሪያ ሠርቶ፣ ለተመዘገበ ሁሉ 30 ዶላር ስጦታ አደለ። ሰዉ ስጦታውን ወሰደ፤ ብዙው ከዚያ በኋላ መተግበሪያውን አልከፈተም፣ ወደ ዶላሩ ተመለሰ። በጥር 2025 ሕጉ ተሻሽሎ ነጋዴ ቢትኮይን የመቀበል ግዴታው ተነሣለት። ምኒልክም አልቻሉም፤ የኤል ሳልቫዶሩ ፕሬዚዳንት ቡኬሌም አልቻሉም።

ያዙልኝ ያልኋችሁን አሁን ልመልሰው። ቢትኮይን ሲጠፋ ማንን ትጠይቃላችሁ? በዌልስ፣ ኒውፖርት ከተማ፣ ጄምስ ሃውልስ የሚባል ሰው 8,000 የሚያህል ቢትኮይኑን የሚያስከፍተው ቁልፍ ያለበት ሃርድ ዲስክ በ2013 ከቆሻሻ ጋር ተጣለበት። የከተማውን የቆሻሻ ክምር ልቆፍር ብሎ ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር ዓመታት ተሟገተ፤ በጥር 2025 ፍርድ ቤቱ ክሱን ዘጋው። መዝገቡ ላይ ገንዘቡ ዛሬም አለ፣ ዓለም ሁሉ ያየዋል። «ይህ ሰውዬ እውነቱን ነው፣ ይመለስለት» የሚል መስኮት ግን የትም የለም። ንግድ ባንክ በሳምንታት ውስጥ ያስመለሰው ዓይነት ገንዘብ ቢትኮይን ቢሆን ኖሮ፣ ወሳጁ በገዛ ፈቃዱ ካልመለሰ በቀር ቀልጦ ይቀር ነበር። በሌላው በኩል ደግሞ፣ ባንክና ስልክ በተዘጋበት አገር ቢትኮይን ያድናል ለሚለው መልሴ አጭር ነው፤ ስልክ ከተዘጋ እሱም ዝግ ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን የቢትኮይን ደጋፊዎች የሚሉት እውነት አለው። ከጅዳ፣ ከዱባይ፣ ከቤይሩት ለቤተሰቧ የምትልክ ልጅ ለአስተላላፊው የምትከፍለው ብዙ ነው። ከሰሃራ በታች ላሉ የአፍሪካ አገሮች 200 ዶላር ለመላክ በአማካይ 16 ዶላር ገደማ ይሄዳል። በላብ የተገኘ ገንዘብ ነው፤ ያንገበግባል። ዋጋቸው ከዶላር ጋር የተያያዘ የኮምፒውተር ገንዘቦች ይህን በጥቂት ሳንቲም ያሻግሩታል። የሚያሻግሩት ግን እስከ በሩ ድረስ ነው፤ እዚህ ሲደርስ ወደ ብር የሚቀይረው በቴሌግራም የተገኘ የማይታወቅ ሰው ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. የአገሪቱ መገበያያ ብር ብቻ መሆኑን፣ በእንዲህ ያለ ገንዘብ መገበያየትም ሕገ ወጥ መሆኑን አስታውቋል። ሰውዬው ቢክዳችሁ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳችሁ የምታመለክቱት በምን ላይ ነው?

ጉዱ ደግሞ፣ እዚሁ አገራችን ውስጥ ቢትኮይን በብዛት ይመረታል። ቻይና በ2021 ሥራውን ስትከለክል ባለማሽኖቹ ርካሽ መብራት ፍለጋ ወጡ፤ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ከ20 በላይ ከሚሆኑ፣ አብዛኞቹ ቻይናውያን ከሆኑ ኩባንያዎች ጋር ተዋዋለ። በማከፋፈያ ጣቢያዎች አጠገብ በኮንቴይነር የታጨቁ ማሽኖች ሌትና ቀን ይጮኻሉ። ክፍያው በዶላር ስለሆነ ለአገር ገቢ ነው፤ አልቃወምም። ግን ከሕዝባችን ግማሽ የሚጠጋው መብራት ሳያገኝ፣ የኛ ወንዝ ለኛ ሰው በማይፈቀድ ገንዘብ ላይ መዋሉ ይከነክነኛል። ይህን ልበልና ልለፈው።

«ሦስት ሰው አምጣ፣ በሳምንት እጥፍ ትወስዳለህ» ለሚሉት ብዙ ቃል አላባክንም። ዋንኮይን የሚባለው እንዲህ ብሎ ከብዙ አገር ሰው በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ሰበሰበ፤ ከጀርባው ምንም ዓይነት እውነተኛ መዝገብ አልነበረም። መሥራቿ ሩያ ኢግናቶቫ በ2017 ከሶፊያ አውሮፕላን ተሳፍራ ከሄደች ወዲህ አልተገኘችም። ኤፍቢአይ እየፈለጋት ነው፤ እናንተ ቴሌግራም ላይ ታገኟት እንደሆነ አላውቅም።

ሦስተኛው ስልኩ ራሱ ነው፤ እዚህ ላይ ቶሎ ቶሎ እላለሁ። ስልክ ገዝታችሁ ወደ ስልክ ቤት ትሄዳላችሁ። ልጁ አፕ ይጭንላችኋል፣ ጂሜይል ይከፍትላችኋል፣ የይለፍ ቃሉን ራሱ ያወጣል። እናንተ አታውቁትም፤ እሱም ከምሳ በኋላ ረስቶታል፤ ካልረሳው ደግሞ የባሰ ነው። የቴሌብር የሚስጥር ቁጥራችሁንም «ስንት ላድርገው?» ብሎ ይጠይቃችኋል፣ «የልደት ዓመቴን አድርገው» ትላላችሁ፣ ሰልፍ ይዞ ከጀርባችሁ የቆመው ሁሉ ይሰማል። አፑን ይጫንላችሁ፤ ቁጥሩን ግን ቤታችሁ ገብታችሁ ራሳችሁ ቀይሩ። ስልክ ለጥገና ስትሰጡ ሲምካርዱን አውጥታችሁ ያዙ። ስልክ ከተሰረቀባችሁ ከፖሊስ በፊት ሲሙን አዘጉ። ወጣቶች፣ የእናቶቻችሁን ስልክ ዛሬ ማታ ተቀበሉና መልእክቱ በአማርኛ እንዲመጣ የሚቻል ከሆነ አስተካክሉላቸው፤ ለነሱ ብላችሁ ቁጥሩን አትያዙላቸው፣ እነሱ ራሳቸው ይያዙት።

አሁን ወደ እድራችን ልምጣ። የወር መዋጮ በስልክ መሰብሰብ ከጀመርን ሰንብቷል፤ ጥሩ ነው። ገንዘቡ የሚገባው ግን በገንዘብ ያዣችን የግል ስልክ ቁጥር ነው። ገንዘብ ያዣችን ሐቀኛ ሰው መሆናቸውን እኔም እመሰክራለሁ። ስልካቸው ቢሰረቅስ? ቢታመሙስ? እግዚአብሔር አያድርገውና ሞት ቢቀድማቸው፣ የእድሩ ብር በውርስ ክርክር ውስጥ ሊገባ ነው። አባቶቻችን የእድሩን ሣጥን ቁልፍ ለተለያዩ ሰዎች የሰጡት አንዱን ሌባ ነው ብለው አልነበረም።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህን ነው። በእድሩ ስም፣ በሦስት ሰዎች ፊርማ የሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ ይከፈት። መዋጮው በስልክ ይከፈል፣ ወደዚያ ሒሳብ ብቻ ይግባ። ስልክ የሌላቸው አባላት እንደ ድሮው በእጃቸው ይክፈሉ፣ ደረሰኝ ይቆረጥላቸው። ጸሐፊው በየወሩ የገባውንና የወጣውን ጮክ ብለው ያንብቡ። ምልአተ ጉባኤው ተሟልቷል፤ ሳትበተኑ ዛሬውኑ ድምፅ ስጡበት።